የኤሊ ቁልቁለት

ውድ ኤሊዬ፣

«እንደምን አለሽ» ብዬ ልጀምር አልኩና እጄ ቆመ። ለሞተ ጓደኛ ደብዳቤ ሲጻፍ በምን እንደሚጀመር ማን ያውቃል? ዩኒቨርሲቲ ቅርስ ጥበቃ ስንማር ስለ ፈረሰ ግንብና ስለ ተሰነጠቀ ዓምድ ያልተነገረን የለም፤ ይሄኛውን ግን ያስተማረን የለም። ስለዚህ እንደ ልማዴ ሳላስብ ዘልዬ ልግባበት፦ ትናንት ከአባትሽ ጋር የኛን መንገድ ሄድን። በብስክሌት። አዎ፣ አባ ጡሩምባ ራሳቸው ብስክሌት ላይ ወጡ። ዕድሜ ልካቸውን በከባድ መኪና ጡሩምባ አገር ምድሩን ሲያስደነግጡ የኖሩት ሰውዬ፣ ፍየል መንገድ ስትዘጋባቸው ያቺን ትንሽ ቃጭልሽን እየመቱ «ይቺ ደግሞ ድምፅ ናት እንግዲህ!» ሲሉ ብታዪ በሳቅ ትሞቺ ነበር።

ይኸው፣ አመለጠኝ። ቃሉን እንዳልል ስንት ተጠንቅቄ ነበር።

አባትሽ ለሽርሽር አልመጡም። ያረፍሽ ዕለት ሐኪሙ ወደ ቢሮው ጠርቷቸው የልብሽ በር ከላላ ብዙ ጊዜ እንደሆነው ነግሯቸው ነበር። «ስትሄድ አትዘገይም ነበር? ትንሽ ሄዳ አትቀመጥም ነበር?» ብሎ ጠየቃቸው። አንቺን በዝግታሽ የማያውቅ ማን አለ? ከገበታ መጨረሻ የምትነሺ፣ ጫማሽን ስታስሪ ፀሐይ የሚዞርብሽ፣ ትምህርት ቤት ሊያደርሱሽ መኪናውን አስነስተው ደጅ ላይ ጡሩምባ ሲነፉብሽ «መጣሁ እኮ!» እያልሽ ስለ አንድ ጉንዳን የምታስቢ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ የኔዋ ግን እንቁላል እንደሆነች ቀረች» እያሉ ለሰው ሁሉ ይቀልዱ ነበር። ሐኪሙን ከሰሙ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረቻቸው፦ ልጄ ዝግታ ወዳ ነበር ወይስ ታማ?

ያቺ ጥያቄ እኔም ቤት ገባች። የኛ ሥራ እኮ ከአንቺ ዝግታ የተሠራ ነው። ተመርቀን ሥራ ስናጣ እኔ በቀን አሥር ሐሳብ ሳመጣ አሥሩንም ሰምተሽ ስታበቂ «ለምን ሰዎችን በብስክሌት ቀስ አድርገን ገጠር አናሳይም?» ያልሽው አንቺ ነሽ። ሕጉንም ያወጣሽው አንቺ ነሽ፦ ከሁሉ የሚዘገየው ፊት ይሁን፣ ማንም እንዳይቀድመው። ከሁሉ የምትዘገዪው ደግሞ ሁሌም አንቺ። እኔ የጎማ መንፊያና መለጠፊያ ይዤ ከኋላ፣ ችኮላዬን እንደ ውሻ በገመድ አስሬ። የባንክ ሠራተኞች፣ ነርሶች፣ አዲስ ሙሽሮች በጥድፊያ አብጠው ይመጡና ጎተራው ጋ ሳንደርስ ትከሻቸው ሲወርድ ከኋላ ይታየኝ ነበር። ገበሬዎቹ «እነዚህ ልጆች ብስክሌት ላይ ተቀምጠው ነው የሚራመዱት» ብለው ሲስቁብን፣ አንቺ ቆመሽ አብረሽ ትስቂ ነበር። የብስክሌት ክፍላችን በር ላይ የነበረውን ሰሌዳ እኔ ነኝ የቀባሁት፦ «ቀስ ብሎ የሄደ ሁሉን ያያል።»

ሐኪሙ ያለውን ስሰማ ሰሌዳውን አውርጄ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞርኩት። ዝግታሽ ሕመም ከነበረ እኛ ለእንግዶች ስንሸጥ የከረምነው ምኑን ነው? ስቃይሽን? እኔን ታውቂኛለሽ፣ አንድ ቀን ሳለቅስ ሁለት ቀን ዕቅድ አወጣለሁ። ብስክሌቶቹን ልሸጥ፣ ሌላ ከተማ ልሂድ፣ ሌላ ሥራ ልጀምር ብዬ ቆርጬ ነበር።

ትናንት ጠዋት እነሱኑ ለገዢ እወለውል ነበር። የብስክሌት ክፍላችን እንዳለ ነው፤ እህል መጋዘን የነበረበት ዘመን ዛሬም ከግድግዳው አልወጣም፣ ግሪስና ስንዴ አንድ ላይ ይሸታል። አባትሽ አንድ የሱሪ እግራቸውን ካልሲ ውስጥ ወትፈው ገቡ።

«አባባ፣ ደህና አደሩ?»

«ደህና ባድር እዚህ ምን ያመጣኛል? የእሷን አውርጂልኝ።»

«ምኗን?»

«ብስክሌቷን ነዋ! የሄደችበትን ልሄድ ነው። አንቺ ከኋላዬ ነይ። እንደ እንግዳ ደግሞ ታሪክ እንዳታወሪልኝ፤ የተቀመጠችበትን ብቻ አሳዪኝ።»

ከመንጠቆው አወረድኩት። ከሰቀልሽው ወዲህ አልነካሁትም ነበር። የሌሎቹን ሁሉ እየፈታሁ ስፈትሽ ከርሜ ያንቺን እንደ መቃብር በሩቁ ነበር የማየው። ጎማውን ብቻ ነፋሁ፤ ሌላውን ለመነካካት እጄ እምቢ አለኝ።

«ለመጨረሻ ጊዜ የነዱት መቼ ነው?»

«ሚስት ሳላገባ።»

«ብስክሌት አይረሳም ይባላል።»

«እኔ አልረሳሁትም። እሱ ነው የረሳኝ» አሉ፣ ደጅ አጥሩን ተደግፈው ብስክሌቱ ላይ እየወጡ።

አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ ሲጀምር ገብሱ በግራ፣ ባቄላው በቀኝ፣ እንደምታውቂው ነው። ክረምቱ ወጥቶ አፈሩ ገና እርጥብ ነው። አባትሽ መሪውን እንደ ከባድ መኪና መሪ በሰፊው ይዘው፣ ኩርባ ላይ ሁሉ አንገታቸውን ወደ ኋላ እያዞሩ «አለፈ?» ይሉኛል። ምን እንደሚያልፍ አላውቅም፤ ተሳቢው መሰለኝ።

የድንጋይ እግር ያለው አሮጌው ጎተራ ጋ ደረስን።

«እዚህ ተቀምጣለች?»

«አዎ። እዚያ ጥላው ሥር። ሦስት መንደር እህሉን አንድ ላይ ሲያኖርበት እንደነበር ለእንግዶቹ ትነግራቸው ነበር።»

«ልትነግራቸው ነው የተቀመጠችው፣ ወይስ ደክሟት?»

«አላውቅም አባባ።»

እሳቸውም ተቀመጡ። ድንጋዩን በመዳፋቸው ዳበሱት፣ ሙቀትሽ የቀረ ይመስል። ተነሥተው ሄዱ።

ቅስት ያለው የድንጋይ ድልድይ ላይም ያው ነው። በሆድሽ ተኝተሽ ውሃውን ስትሰሚ እንደነበር ነገርኳቸው። «ተኝታ?» አሉ። «ትንፋሽ አጥሯት ነው እንግዲህ።» ያኔ ተኝተሽ «ነይ ስሚ፣ ከታች ሲያልፍ ድምፁ ይለወጣል» ትዪኝ ነበር። እኔ ግን ሰዓቴን ነበር የማየው።

ጎመን የሚያጠጡት እናት ቦያቸው ዳር ቆመው አገኘናቸው።

«ያቺ ቀርፋፋዋ የታለች? ሳትመጣ ክረምቱ አለቀ» አሉኝ።

አባትሽ ብስክሌቱን ይዘው ቀረብ አሉ። «አባቷ ነኝ» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም፤ ሴትዮዋ ግን ፊታቸውን አይተው ዶማቸውን አስቀመጡ። አባትሽ «እዚህ ስትቀመጥ... ደክሟት ነበር?» ብለው ጠየቁ።

«እኔ እንጃ ጌታዬ። ሰው ሲደክመውም ይቀመጣል፣ ደስ ሲለውም ይቀመጣል። ‹ተነሺ፣ ውሃውን ዘጋሽብኝ› ስላት ትስቅ ነበር። ሳቋን ነው የማውቀው።»

ይሄም መልስ አልሆናቸውም።

ከዚያ ዳገቱ መጣ። ወርደው መግፋት ጀመሩ። ኮታቸው በላብ ጀርባቸው ላይ ተለጠፈ። እላይ ስንደርስ ባሕር ዛፉ ሥር ቆመው ሳይዞሩ፣ «እዚህስ?» አሉኝ።

ልዋሽ ፈልጌ ነበር፣ ኤሊዬ። አልቻልኩም። «እየገፋች ነበር የምትወጣው። መሐል ላይ ትቆማለች። ደረቷን ትይዛለች አንዳንዴ። ‹አየሩ ጥሩ ነው› ትለኛለች።»

ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «እየሞተች ነበር የምትወጣው» አሉ። «እኔ ደግሞ ደጅ ሆኜ ጡሩምባ እነፋባታለሁ። ፍጠኚ እላታለሁ። ልጄ አንዲት ቀን እንኳ ደስ ሳይላት፣ ሲደክማት ብቻ ኖራ ሄደች ማለት ነው።»

የእናቶች ለቅሶ አይቻለሁ። አንድ ትልቅ ሾፌር ድምፅ ሳያሰማ ሲያለቅስ ግን የት እንደምትቆሚ አታውቂም። እኔ ባሕር ዛፉን ልጥ ልጡን ስቆነጥር ነበር።

በኋላ አፍንጫቸውን ጠርገው፣ ማንንም ሳይጠብቁ ብስክሌቱ ላይ ወጥተው ቁልቁለቱን ለቀቁት። «አባባ፣ ቀስ ይበሉ!» ብዬ ጮህኩ፤ እኔ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰውን ቀስ በል አልኩ። ፍሬኑን ሲጨምቁ ከላይ አየኋቸው። ብረት ብረትን ሲፍቅ ተሰማኝ። አልያዘም። ጫማቸውን መሬት ላይ ጎተቱ፣ ጠጠሩ ተፈናጠረ፣ ከዚያ መንገዱን ስተው አዲስ የታረሰ ማሳ ውስጥ ገቡ።

እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ስደርስ ትልልቁ ጓል መሐል እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠው፣ ብስክሌቱን ገልብጠው ፍሬኑን እያዩ ነው።

«አባባ! ተጎዱ? ጉልበትዎ ይደማል እኮ!»

«ተዪው እሱን። ነይ ወዲህ። ይሄን ማነው የጨረሰው?» ጎማውን ግራና ቀኝ የሚነክሱት ሁለቱ ላስቲኮች አልቀዋል፤ የቀረው ብረቱ ብቻ ነው። የኋላውም ያው።

«ይቅርታ አባባ፣ የሷን አላየሁትም፣ መንካት ከብዶኝ...»

«እሱን አልጠየቅኩሽም። ማነው የጨረሰው?»

«እሷ ናታ። ቶሎ ቶሎ ነበር የምትጨርሰው። እንግዶቹ የሚይዙት ብዙ ይቆያል፤ የሷን ግን ቀይሬ ሳልጨርስ ያልቃል። ‹አንቺ ላስቲክ ትበያለሽ እንዴ?› እላት ነበር።»

«የት ነው የምትጨርሰው?»

«እዚሁ ነዋ። እዚህ ቁልቁለት ላይ። ሌላው ሰው ቢሆን እላይ ሲደርስ ፍሬኑን ይለቀዋል። እሷ ግን ከአናቱ እስከ ታች ወፍጮው ድረስ ጨምቃ ይዛ ነው የምትወርደው። እንግዶቹ ከኋላዋ ያብዳሉ። አንዴ ተናድጄ ‹ልቀቂው እንጂ፣ ምን ሆነሽ ነው?› ስላት...»

«ምን አለች?»

«‹ቶሎ ከወረድኩት ያልቅብኛል› አለችኝ።»

አባትሽ ቀና አሉ። ካሉበት ሆኖ ሸለቆው በሙሉ ይታያል፦ ቢጫው ማሳ፣ አረንጓዴው፣ ተራ በተራ እንደ ተሰጣ ልብስ፣ ታች ደግሞ የአሮጌው የውሃ ወፍጮ ጣራ። ለረጅም ጊዜ ያንን አዩ። ከዚያ ጣታቸውን ያለቀው ላስቲክ ላይ አሳርፈው እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ ስሚኝ። እኔ ስንት ቁልቁለት ወርጃለሁ። ቁልቁለት ላይ ሰው አይደክምም። ልብ አይፈልግም፣ እግር አይፈልግም፤ ብትለቂው ራሱ ይወስድሻል። እዚህ ላይ የሚዘገይ፣ መዘግየት የፈለገ ሰው ብቻ ነው።» ወደ ላይ፣ ወደ ባሕር ዛፉ አመለከቱ። «ዳገቱ የበሽታዋ ነው። አልክድም። ቁልቁለቱ ግን የራሷ ነው።»

እኔም ጓሉ ላይ ቁጭ አልኩ። አብረን አለቀስን፤ ግን ይሄኛው ለቅሶ እላይ ከነበረው ሌላ ነበር። እንዴት ሌላ እንደሆነ እንድገልጽልሽ አትጠይቂኝ። ብስክሌቶቹን አልሸጥም። ይሄን ብቻ እወቂልኝ።

አንቺ ሕመምሽን ታውቂው ነበር? ይሄን እስካሁን አላወቅንም። አባትሽ አሁንም ሌሊት ሲነሱ ይሄን እንደሚጠይቁ እገምታለሁ። እኔም እጠይቃለሁ። የሚመልስ የለም፤ ደረትሽን የያዝሽበትን እጅ ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር አየዋለሁ።

ብስክሌቶቹን እየገፋን ወፍጮው ጋ ወረድን። ጉልበታቸውን በወንዙ ውሃ አጠብኩላቸው። እንመለስ ስላቸው «ወዲያ ምን አለ?» አሉኝ።

«እኛ ከዚህ አልፈን አናውቅም። እሷ ‹ለሌላ ጊዜ ይሁን› ትል ነበር።»

«እንሂዳ።»

ከወፍጮው ጀርባ አጥሩን ዞረን፣ ትንሽ አቀበት ወጣንና ሁለታችንም ቆምን። አባትሽ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ይሄን አላየችውም?» አሉ።

«አላየችውም።»

«እንግዲያው ንገሪያት።»

ኤሊዬ፣ ከወፍጮው ወዲያ ተልባ ነው። አብቧል። ሰማያዊ ነው፤ ግን ሰማይ የሚመስለው ሰማያዊ አይደለም፣ ከሱ ቀዝቀዝ ይላል። ነፋሱ ከወንዙ በኩል ሲመጣ ሁሉም አንድ ላይ ያጎነብስና ቀስ ብሎ ቀና ይላል። መሐል ላይ ክዳኑ የወደቀ አሮጌ ጉድጓድ አለ፤ ገመድ የበላው የድንጋይ አፉ ጥርስ አውጥቷል፣ ጣቴን ብከተው ልክ ይገባል። አንዲት ነጭ ቢራቢሮ አባትሽ ባርኔጣ ላይ አርፋ ነበር፤ እንዳትበርር ብለን ሁለታችንም አልተንቀሳቀስንም። ንቦች አሉ። ድምፃቸው ከሩቅ አይሰማም፣ መቆም አለብሽ።

ቆመን ሰማን።

ያንቺው ችኩሏ