ከለቅሶው ድንኳን ጀርባ ለበቀለ ዱባ ማረፊያ ስለ መፈለግ

ዲላ፣ ታኅሣሥ ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.

ለክቡር የከተማ ውበት ጉዳይ ሹም

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤንነትዎን በትሕትና እጠይቃለሁ፤ ባለቤትዎና ልጆችዎም እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን የምጽፈው ተቆጥቼ እንዳይመስልዎ፤ መቆጣት ጉልበት ይጠይቃል፣ እኔ ደግሞ ባለቤቴ አቶ ደጀኔ በፍልሰታ ጾም ከሞተ ወዲህ ምንም ነገር እምብዛም አይሰማኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የለቅሶው ድንኳን የተተከለው ከቤቴ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ዳር ነበር። ጾም ስለነበር ለለቀስተኛው የቀረበው የዱባ ወጥና የቲማቲም ፍትፍት ነው። የዕድራችን ሴቶች ዱባውን ሲልጡ ፍሬውን፣ ሰሐኑን ሲያጥቡ እጣቢውን፣ ሁሉንም ከድንኳኑ ጀርባ ሲደፉት ሰነበቱ። መስከረም ሲጠባ ከዚያ ቦታ ቲማቲምና ዱባ በቀለ። ይህን አስቦ የዘራ ሰው የለም፤ እርስዎም አንድ ቀን መጥተው በልተው እንደሄዱ ስለነገሩኝ፣ ከዘሪዎቹ አንዱ ላለመሆንዎ ማስረጃ የለኝም። ስለዚህ ምስጋናዬንና አቤቱታዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ/ በጥቅምት የላኩልኝ ትእዛዝ ደርሶኛል። ታላላቅ እንግዶች በመንገዱ ሲያልፉ አትክልት አይተው እንዳይከፋቸው፣ ቡቃያውን ነቅዬ እንድጥል ይላል። ባለቤቴ ታሞ በተኛበት ጊዜ ሁሉ ደጃችንን የረገጠ የመንግሥት ሰው ስላልነበረ፣ በዱባ ምክንያት መታወሳችን ትልቅ ክብር ሆኖ ተሰምቶኛል።

፪ኛ/ ልነቅለው ወጥቼ ነበር፤ አልዋሽዎትም። ጎረቤቴ ወይዘሮ ሀጅራ፣ ሃይማኖቷ ሌላ ሆኖ ሳለ የጾም ወጥ እየሠራች ለቀስተኛውን ስታበላልኝ የሰነበተችው፣ እጄን ያዘችኝና «ፀዳለ፣ ይኼኮ ሊያስተዛዝንሽ የመጣው ሰው ነው፤ እንዴት ይነቀላል?» አለችኝ። እኔ በዚያ ሰሞን ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ አላስታውስም፤ የሁሉም ፊት ጠፍቶብኛል። ከዚያ ሁሉ ሰው የቀረልኝ ይህ ቡቃያ ብቻ ነው። ስለዚህ መጣሉን ትቼ ሌላ ቦታ ልፈልግለት ተነሣሁ።

፫ኛ/ የቤቴ ጓሮ የአከራዬ ቡና ማስጫ ስለሆነ ምንም አይተከልበትም። ቲማቲሞቹን ሀጅራ በአሮጌ የዘይት ቆርቆሮ እየተከለች ወሰደችልኝ። ዱባውን ግን የሚቀበል አጣሁ፤ ሐረጉ ግቢ ይወርሳል ይላሉ። ደጋው ላይ፣ ቡሌ የምትኖረው የባለቤቴ እህት ብርዱ ይገድለዋል ብላ ላከችብኝ። ከባለቤቴ መቃብር አጠገብ ልትከለው ብዬ የቤተ ክርስቲያኑን ዘበኛ ብለምነው፣ ሌሎቹ ሟቾች ቅር ይላቸዋል አለኝ። አልተከራከርሁትም።

፬ኛ/ በመጨረሻ ትንሽ ቦታ እንዲመሩኝ ወደ እርስዎ መጣሁ። ነገ ተመለሺ ተባልሁ፤ ተመለስሁ። አሁንም ነገ ተባልሁ። ከቢሮዎ ደጅ ያለው አግዳሚ ወንበር ምቹ ነው፤ ስለ እርሱም አመሰግናለሁ። ቡቃያው በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ጭኔ ላይ እንዳለ መጠውለግ ጀመረ። የሚፈቅድልኝም የሚከለክለኝም ሰው ስላልወጣ፣ ጉዳዩን በራሴ ጨርሼ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

አሁን ከቤቴ ፊት ያለው ቦታ እንደ ትእዛዝዎ ባዶ ነው። እንግዶችዎ ያለ ሥጋት ማለፍ ይችላሉ። እኔም ጧት ጧት በመስኮት አየዋለሁ፤ አይከፋኝም፣ ደስም አይለኝም።

ከተማችንን ከዱባ ለመጠበቅ ሌት ተቀን የሚደክሙትን ክቡርነትዎን፣ አምላክ ከነመላ ቤተሰብዎ በዕድሜና በጤና ያቆይልን እያልሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ታዛዥዎ
ወይዘሮ ፀዳለ ወልደዮሐንስ

ግልባጭ፦
ማንበብ ለሚችል የዲላ ነዋሪ ሁሉ፤ ለማይችለው ጎረቤቱ ያንብብለት።

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው እሑድ ለእንግዶችዎ ከቢሮዎ መስኮት ሥር ያለውን ትልልቅ ቢጫ አበባ እያሳዩ፣ ዘሩን ከአዲስ አበባ እንዳስመጡት ሲያስረዱ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ሰምቻለሁ። ያ የእኔ ዱባ ነው። ውኃ ስላጠጡልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፍሬው ሲደርስ ግን እባክዎን ግማሹን ብቻ ይላኩልኝ፤ ሙሉውን አብሮኝ የሚጨርስ ሰው ቤቴ ውስጥ የለም።