ከውጭ ሀገር በሰላም ስለመግባቴ

ለክብርት ርዕሰ መምህርት፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለከበረው ጤናዎ መልካሙን ሁሉ እየተመኘሁ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ወንበርዎ እንደተመቸዎት፣ ሻይዎ እንዳልቀዘቀዘ፣ ከደረጃዎ በታች የሆነ ሰውም በራፍዎ ላይ ቆሞ አየሩን እንዳላበላሸብዎት ተስፋ አደርጋለሁ። የደብዳቤውን ቅጂ በፀጉር ቤቴ መስታወት ላይ የለጠፍኩት፣ ውለታዎን ለብቻዬ አፍኜ መያዝ ንፉግነት ስለመሰለኝ ነው።

እኔ ፀጉርዎን የምሠራው ሴት ነኝ። "አንቺ" ይሉኝ ስለነበር ስሜን ማወቅ አላስፈለገዎትም። በፈተና አንደኛ ወጥታ በነጻ የምትማርልዎት ልጅ እናትም ነኝ፤ ለምዝገባ ወንድሜን ስለላክሁት ይህን አላወቁም ነበር። "ተራ" የሚለውን ቃል እንደሚወዱት ስለማውቅ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ለልጄ ስላስተማሯት ቃላት አመሰግናለሁ። ወደ እርስዎ ስትመጣ ሰው ለእሷ ወይ ደግ ነው ወይ ክፉ ነው፤ ሌላ አታውቅም ነበር። ዛሬ ግን "የጨዋ ልጅ"፣ "ተራ ሰው"፣ "አዲስ ሀብታም"፣ "የእኛ ዓይነት ቤተሰብ" እያለች ሰውን ሁሉ እንደ ልብስ በየመደርደሪያው ታስቀምጣለች። አንድ ቀን እራት ላይ እህቴ ሾርባዋን ፉት ስትል ድምፅ ቢሰማ፣ ልጄ ማንኪያዋን አስቀምጣ "አክስቴ፣ አበላልሽ ግን ትንሽ ተራ ነው" አለቻት። እህቴ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከአንገት በላይ ነበር። ልጄን አዝላ ያሳደገቻት እሷ ናት፤ ከዚያ ወዲህ ቤቴ ስትመጣ "በልቻለሁ" ማለት ጀመረች። እኔም ብሆን አልቀረልኝም፤ ልጄን ሳደርሳት ከትምህርት ቤቱ መታጠፊያ ላይ "እማዬ፣ ከዚህ ብቻዬን ልሂድ" ትለኝ ጀመር።

፪. በትምህርት ቤትዎ የሽልማት ዕለት ጠዋት ስላካፈሉኝ ምስጢር አመሰግናለሁ። ራስዎን መታጠቢያው ላይ ደገፍ አድርገው፣ ዓይንዎን ጨፍነው፣ እንዲህ አሉኝ፦ "የዘንድሮዋ አንደኛ ጎበዝ ናት፤ ግን ምን ዋጋ አለው፣ ቤተሰቦቿ እንዲያው ምናምን ናቸው። አባትየው የጭነት መኪና ሾፌር ነው አሉ፤ እናትየዋንስ እንጃ። ለነዚያ ሁሉ እንግዶች ምን ብዬ ላስተዋውቃት? ወላጆቿ ለሥራ ውጭ ሀገር ናቸው እላለሁ፤ ልጅቷንም ሌላ ነገር እንዳትናገር አስጠንቅቄያታለሁ።"

ክብርት ሆይ፣ ያን ጊዜ ጭንቅላትዎ በሁለት እጆቼ መሀል ነበር፤ የሙቅ ውሃው ቧንቧም በቀኜ በኩል። አልዋሽዎትም፣ ቧንቧውን አየት አድርጌዋለሁ። ነገር ግን "ውሃው ተስማማዎት ወይ?" ብቻ አልኩ። "ትንሽ ሞቅ አድርጊው" አሉኝ። እንዲህ ያለ እምነት ማንም ጥሎብኝ አያውቅም። ፀጉርዎንም እንደዚያን ቀን አሳምሬው አላውቅም፤ አዳራሹ በሙሉ እንዲያይዎት ፈልጌ ነበርና።

፫. ስላደረጉልኝ አቀባበል አመሰግናለሁ። ፀጉር ቤቴን ዘግቼ፣ ደህናውን ቀሚሴን ለብሼ መጣሁ። አስተናጋጁ "የማን እንግዳ ነዎት?" ሲለኝ "የርዕሰ መምህርቷ፤ ጠዋትም አብረን ነበርን" አልኩት፤ እሱም ከፊተኛው ረድፍ አስቀመጠኝ። ልጄ ተጠርታ መድረክ ላይ ወጣች። እርስዎም ማይክሮፎኑን ይዘው "ወላጆቿ ለከፍተኛ ሥራ ውጭ ሀገር በመሆናቸው በመካከላችን ባለመገኘታቸው እናዝናለን" አሉ። ልጄ የጫማዋን ጫፍ ታይ ነበር። ብድግ አልኩ።

"ገብቻለሁ!" አልኩ። "እናቷ ነኝ፤ አሁን መግባቴ ነው። ጠዋት የርዕሰ መምህርቷን ራስ ያጠብኩበት ፀጉር ቤት እዚሁ ጥግ ላይ ስለሆነ፣ በረራው ብዙም አላደከመኝ።"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ እርስዎ እጅዎን ወደ ፀጉርዎ ሰደዱ። እኔ ግን የማየው ልጄን ነበር። "አላውቃትም" ብትልስ? ወንበሩን ይዤ ቆምኩ። ልጄ ቀና አለች፤ ማይክሮፎኑን ከእጅዎ ወሰደች፤ "እናቴ ናት። ፀጉር ሠሪ ናት" አለች። ቤት ገብተን አንገቴ ሥር ተሸጉጣ ስታለቅስ አመሸች። እሷን ያኔውኑ ይቅር ብያታለሁ። እርስዎን ግን ይቅር ለማለት ደረጃዬ አይፈቅድልኝም።

ከትምህርት ቤትዎ አስወጣታለሁ ብለው እንዳይሰጉ። ቦታዋን ያገኘችው በአእምሮዋ ነው፤ አትለቅም። ከሰኞ ጀምሮ የሥራ ጋውኔን እንደለበስኩ በየጠዋቱ እስከ ዋናው በር ድረስ አደርሳታለሁ፤ ከእርስዎም መስኮት ሥር ቆሜ፣ ወላጆች ሁሉ እየሰሙ፣ "እንደምን አደሩ ክብርት!" እላለሁ። መልስ እጠብቃለሁ።

ከእግርዎ ሥር ሆና ሳይሆን ከራስዎ በላይ ቆማ የምታገለግልዎት፣
አክባሪዎ ፀጉር ሠሪ

ሳልረሳው፦ በዚያው ጠዋት ስለ ወላጆች ኮሚቴ ሊቀመንበሯ፣ ስለ ባሏና ስለ አዲሱ ሳሎናቸው መጋረጃ ያጫወቱኝን እስካሁን ለማንም አልተነፈስኩም። ሴትዮዋ ማክሰኞ ቀለም ልትቀባ ቀጠሮ ይዛለች። ቀለም እስኪይዝ ደግሞ ጊዜ ይወስዳል፤ እኔም ዝም ብሎ መቆም አይሆንልኝም።