የሙርሺዳ ሰንጢ

ቤሪያ፣ ጆሃንስበርግ
ሚያዝያ 2015 ዓ.ም.

ከእናታችን በኋላ እናት ለሆንሽኝ ታላቅ እህቴ፤

አሰላሙ ዐለይኪ ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ? ዳገቱ አስቸገረኝ ካልሽኝ ወዲህ ሐሳቤ እሱ ላይ ነው። የላክሁልሽን ቅባት ለጎረቤት እያካፈልሽ እንዳትጨርሺው አደራ። ልጆቹ ደህና ናቸው? ጥቁሯ ላም ወለደች? እኔ አልሐምዱ ሊላህ ደህና ነኝ። እዚህ ብርዱ ገብቷል፤ ለብርድ ልብስ ነጋዴ ደግሞ ብርድ ሲሳይ ነው።

ይህን ደብዳቤ የሚሰጥሽ ሚስባህ ይባላል፤ አንድ ክፍል ተጋርተን የምንኖር ጓደኛዬ ነው። ምሳ ሳታበዪው እንዳትሸኚው። ስልክ እያለ ወረቀት ምን አስፈለገ እንደምትዪ አውቃለሁ። አንቺ የላክሁልሽን ድምፅ ጮክ አድርገሽ ስለምትከፍቺው፣ እኔን ጉንፋን የያዘኝ እንደሆነ ሰፈርተኛው ሁሉ "ወንድምሽ ተሻለው?" እያለ ይጠይቅሻል። ይኼኛውን ግን መነጽርሽን አድርገሽ ብቻሽን አንብቢው።

ላወራሽ የፈለግሁት ስለ አንዲት ሰንጢ ነው። አትሳቂ። ስለ ስለት ከአንቺ ሌላ ለማን አወራለሁ? የሰርግ ክትፎ ስትከትፊ ቢላሽን ለማንም አታውሺም። የአጎታችን ልጅ ሚስት ሲፈልግ "ቤታቸውን አይቻለሁ፤ ሁሉም መልካም ነው፤ ቢላቸው ግን ዱልዱም ነው" ብለሽ ሽማግሌዎቹን ያሳቅሽው አንቺ ነሽ። እነሱ ቀልድ መሰላቸው እንጂ እኔ እንዳልቀለድሽ አውቄያለሁ።

የሰንጢዋ ባለቤት ሙርሺዳ ትባላለች። ዱርንፎንቴን በምንነግድበት ሕንጻ ውስጥ ከእኔ ሱቅ ፊት ለፊት መጋረጃ እየሰፋች ትሸጣለች። በመካከላችን ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መተላለፊያ አለ። የዳሎቻ ልጅ ናት። ባሏ ዳቬይተን ውስጥ ስፓዛ የሚሉት የሰፈር ሱቅ ነበረው፤ ሌቦች እዚያው ሱቁ ውስጥ ገደሉት፤ አላህ ይዘንለት። ሴት ልጃቸው ያኔ ገና ዳዴ ትል ነበር፤ ሕፃኗን ለእናቷ ልካ እሷ እዚሁ ቀረች። በዕድሜ ከእኔ ትንሽ ትበልጣለች። ይህንን የነገረችኝ ራሷ ናት፤ ሳልጠይቃት።

ባሏ ከሞተ በኋላ አንዲት ጃፓናዊት አሮጊት ቤት ምግብ እያበሰለች ቆየች። ሴትዮዋ ባላቸውን ተከትለው መጥተው እዚሁ ያረጁ ናቸው። ፍራፍሬ ሲልጡ፣ አበባ ሲከረክሙ፣ እርሳስ ሲቀርጹ የሚጠቀሙት በዚህች ሰንጢ ነበር። እሳቸው ልጅ ሳሉ በአገራቸው ተማሪ ሁሉ እንዲህ ያለች ሰንጢ በኪሱ ይይዝ ነበር አሉ። ስሟ ሂጎኖካሚ ነው። ሙርሺዳ ስትጠራት ግን "ሂጎዬ" ነው የምትላት፤ የሥልጤ ስም ይመስላል። አሮጊቷ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ሰንጢዋን ከትንሽ መሳያ ድንጋይ ጋር አንድ ላይ ጠቅልለው ሰጧት።

ብታዪያት መጀመሪያ ትንቂያታለሽ። እጀታዋ አንድ የነሐስ ዝርግ ለሁለት ታጥፎ የተሠራ ነው፤ ጌጥ የለው፣ እንጨት የለው፤ ጎኑ ላይ የጃፓን ጽሕፈት ብቻ ተቀርጿል። ስለቱ በእጥፋቱ መካከል ይተኛል፤ ሁለቱን የያዛቸው አንድ ሚስማር ነው። ሞላ የላት፣ መቆለፊያ የላት። ከስለቱ ጀርባ አጭር ጭራ ወጥታለች፤ በአውራ ጣትሽ ጭራዋን ስትጫኚ ስለቱ ይወጣል፤ እየቆረጥሽ ሳለ ጣትሽ ጭራዋ ላይ ካልቆየ ተመልሶ በጣቶችሽ ላይ ይታጠፋል። ስለዚህ ይህች ሰንጢ ለመውጋት አትሆንም። ለመቁረጥ ብቻ ናት፤ ያውም ልቡ እሷ ጋ ላለ ሰው።

ሙርሺዳ ቀኑን ሙሉ ከእጇ አትለያትም። የጨርቅ ጥቅል ማሰሪያ ትበጥስባታለች፣ ክር ትቆርጥባታለች፣ ምልክት የምታደርግበትን ጠመኔ ትቀርጽባታለች። ብርቱካን ስትልጥባት ልጣጩ ሳይበጠስ እስከ መጨረሻው ይወርዳል፤ ግማሹን በመተላለፊያው አሻግራ ለእኔ ትሰጠኛለች። ከላጠች በኋላ ግን አንዴም ዝም ብላ አታጥፋትም። በእርጥብ ጨርቅ፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ትወለውላታለች። ብረቱ የድሮ ብረት ስለሆነ እርጥበት ካገኘው ባንድ ሌሊት ይዝጋል። ስለቱ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁረት አለው፤ እኔ እድፍ መስሎኝ ለምን በሽቦ አታሺውም ብያት ነበር። እድፍ ሳይሆን ብረቱ በሥራ ብዛት ያወጣው ቆዳ ነው፣ ዝገት የሚከለክለውም እሱ ነው፣ ብላ አስረዳችኝ። ሰው ሲለምናት ሰንጢዋን አታውስም፤ "አምጣው፣ እኔ ልቁረጥልህ" ነው የምትለው። አንቺን አንቺን ሸተተኝ።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። የሕንጻው መግቢያ በኤሌክትሪክ ወደ ላይ የሚጠቀለል የብረት መዝጊያ አለው። ጠዋት ጠዋት ዱካሞ የሚባለው የሆሳዕና ሰው፣ ዘበኛችን፣ ከውስጥ ሆኖ ቁልፉን ይጫናል፤ እኛና ገበያተኛው ውጭ እንጠብቃለን። አንድ ቅዳሜ ኖምቩላ የምትባል ወጣት እናት ልጇን በጀርባዋ አዝላ፣ ጀርባዋን ለመዝጊያው ሰጥታ ቆማ ነበር። እዚህ ሴቶች ልጅ የሚያዝሉት በወፍራም ብርድ ልብስ ነው፤ ጫፉን ደረታቸው ላይ ይቋጥሩታል። መዝጊያው ሲነሳ ከሥሩ ያለው የጓጉንቸር ቀለበት የብርድ ልብሱን ዘርፍ ያዘው። እሷ ሳታውቅ ብረቱ ወደ ላይ ሳባት። በጣቶቿ ጫፍ ቆመች፤ ቋጠሮው ከደረቷ ወደ ጉሮሮዋ ወጣ፤ ልጁ በብርድ ልብሱና በእናቱ ጀርባ መካከል ተጣበቀ።

ጩኸቱን የሰማው ዱካሞ መዝጊያውን ሊያወርደው ቁልፉን ሲጫን ምንም የለም። ልክ በዚያች ሰዓት የመብራት ፈረቃ ገብቶ፣ እዚህ ሎድ ሼዲንግ የምንለው፣ ሰፈሩ በሙሉ ጠፍቷል። በእጅ የሚወርድበት ሰንሰለት ዝጎ እምቢ አለ። ቋጠሮውን ልንፈታ ብንታገል እንደ ድንጋይ ጠንክሯል። አንድ ሰው ካርቶን የሚቀድበትን ከተር ይዞ ሮጠ፤ ወፍራሙን ብርድ ልብስ ሲጎትትበት ምላጩ ተሰበረ፤ ስብርባሪው በልጁ እግር አጠገብ አለፈ። ኖምቩላ መጮህ አቆመች። ልጁ ከዚያ በፊትም ድምፅ አልነበረውም።

ሙርሺዳ ሰውዬውን በክንዷ ገፋችው። ከመካከላችን ያልጮኸች እሷ ብቻ ነበረች። ወደ እኔ ዞር አለችና፣

"ከጉልበቷ ከፍ አድርገህ ያዛት። እኔ እስክልህ እንዳትለቃት" አለችኝ።

አቅፌ አነሳኋት። ሙርሺዳ ግራ እጇን በብርድ ልብሱና በልጁ ጀርባ መካከል ሰደደች። ስለቱ ቢስት የሚያገኘው የእሷን እጅ እንዲሆን ነው፤ በኋላ ነው የገባኝ። ሰንጢዋን ከፈተች፣ አውራ ጣቷን ጭራዋ ላይ አደረገች፣ ስለቱን ወደ ውጭ አዙራ ከታች ወደ ላይ ሳበችው። አንዴ ብቻ። እቴቴ፣ ያ ብርድ ልብስ እኔ ራሴ የምሸጠው ዓይነት ነው፤ በትልቅ መቀስ እንኳ ይታገላል። እሷ ስትስበው እንደ በሰለ ሙዝ ልጣጭ ተከፈተ። ልጁ ክንዷ ላይ፣ እናቱ እኔ ላይ ወደቁ።

የልጁ ከንፈር ጠቁሮ ነበር። ሙርሺዳ በደረቱ አስተኝታ ጀርባውን መታ መታ አደረገችው። ከዚያ አለቀሰ፤ በጣም አለቀሰ። ዱካሞ የዘበኛ ቆቡን ፊቱ ላይ ደፍቶ ቁጭ አለ።

ኖምቩላንና ልጇን በታክሲ ወደ ሐኪም ከሸኘናቸው በኋላ ሙርሺዳን ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ስለቱን በሻርፗ ጫፍ ወልውላዋለች፤ ልታጥፈው ግን አልቻለችም። አጠገቧ ቆምኩ። ቀና ብላ አየችኝና ሰንጢዋን በእጀታዋ በኩል ዘረጋችልኝ።

"አጥፋልኝ" አለችኝ።

አጠፍኩላት።

ወፍራሙ ሱፍ ስለቱን ትንሽ አደንዝዞት ስለነበር እኔ ልሳልልሽ ብዬ ጠየቅኋት። እምቢ ትላለች ብዬ ነበር። ድንጋዩን ከጠቀለለችበት ጨርቅ አውጥታ ውኃ ውስጥ ነከረችው፤ ከድንጋዩ የሚወጣው አረፋ ሲያቆም እርጥብ ጨርቅ ላይ አስቀመጠችልኝ። የስለቱ ጎን ራሱ ተዳፋት ነው፤ ተዳፋቱን ድንጋዩ ላይ እንዳለ ታስተኚውና ከሥሩ እስከ ጫፉ ድረስ እየገፋሽ ትሄጃለሽ። በወዲያኛው ጠርዝ ላይ እንደ ጸጉር የቀጠነ ነገር ጣትሽን ያዝ ሲያደርገው አንዱ ጎን ደርሷል ማለት ነው፤ ያኔ ትገለብጪዋለሽ። እኔ ቶሎ ልጨርስ ብዬ በጉልበት ስጫነው አስቆመችኝ።

"አትጫነው። ብረቱ ሸሽቶ አይሄድም" አለችኝ።

ያንን ስትል ሰንጢዋን እያየች አልነበረም።

መጨረሻ ላይ በቀበቶ ቆዳ ላይ ወደ ኋላ እየጎተትን አለዘብነው። በቀጭን ወረቀት ሞከርነው፤ ድምፅ ሳያሰማ ወረደ። አጥበን ካደረቅናት በኋላ ሚስማሩ ላይ አንዲት ጠብታ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት አደረገች፤ የምግብ ዘይት ውሎ አድሮ እንደ ሙጫ ይጣበቃል አለች። ሚስማሩ ላላ ሲልም በትንሽ መዶሻ ቀስ ብሎ መታ ማድረግ ነው እንጂ ሌላ ጥገና አያስፈልጋትም። ከዚያ ወዲህ መሳሉ የእኔ ሥራ ሆኗል።

ኖምቩላ ልጇ ሲሻለው እናቷን ይዛ መጣች። እናትየው የሙርሺዳን ሁለት እጆች ይዘው "ንጊያቦንጋ፣ ንጊያቦንጋ" ሲሉ ቆዩ፤ አመሰግናለሁ ማለታቸው ነው። እኔ ከሱቄ አዲስ ብርድ ልብስ ልሰጣት አወጣሁ። ኖምቩላ ግን አሮጌው ይሻለኛል፣ ልጄ ሽታውን ካላገኘ አይተኛም አለች። ሙርሺዳ ሁለቱን ቁራጭ አገጣጥማ ሰፋችው። የተቆረጠበት መስመር ቀጥ ያለ ስለነበር ስፌቱን በጣትሽ ካልዳሰስሽ አታገኚውም።

ወደ ሌላው ጉዳይ ልምጣ። ፎቶዋን የላክሽልኝ ልጅ መልከ መልካም ናት፤ አባቷም ጨዋ ሰው መሆናቸውን አውቃለሁ። ለዚህም ነው በእኔ ምክንያት በር በር እያየች እንድትቆይ የማልፈልገው። ሳታስቀይሚያቸው ንገሪያቸው፤ አንቺ ቃል አያጥርሽም።

ደግሞ ለሙርሺዳ ልጅ ቀሚስና ጫማ በሚስባህ ልኬያለሁ፤ ዳሎቻ ማድረስ ያስፈልጋል። አንቺ በዚያ ጉልበትሽ አትንገላቺ፤ አጎታችን ይሂዱ። አጎታችንም ብቻቸውን ከሚሄዱ ከመስጊድ ወዳጆቻቸው ሁለቱን ቢያስከትሉ ደስ ይለኛል። ከወራቤ ዳሎቻ ሩቅ እንዳልሆነ፣ አንድ ቀሚስና አንድ ጫማም ሦስት ሽማግሌ እንደማያሸክም አውቃለሁ። ቢሆንም ሦስት ሆነው ይሂዱ። ነጭ ጋቢያቸውን ይልበሱ።

ቤቱ እንዳይጠፋቸው የእናቷን ቤት ምልክት ሙርሺዳን ጠየቅኋት። መጋረጃ እየሰፋች ነበር፤ ቀና አላለችም። ከመድረሳው ጀርባ ሰማያዊ በር ያለው ነው አለችኝ። ከዚያ ጥቂት ሰፋች። መኪናውን አቆመችና እናቷ ሐሙስ ሐሙስ እህቷን ልትጠይቅ እንደምትሄድ ነገረችኝ። "ሐሙስ ባይመጡ ይሻላል" አለች።

እኔ የጠየቅኋት የቤቱን ምልክት ብቻ ነበር። ማን እንደሚመጣ አልነገርኳትም።

አላህ ጉልበትሽን ይጠግንልኝ፤ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፤ በደጅሽ የሚገባውን ሁሉ ከኸይር ጋር ያስገባልሽ። ዱዓሽ አይለየኝ፤ በዚህ ሰሞን ደግሞ ጨመር አድርጊበት።

ወሰላም፤

በእጅሽ ያደግሁት ታናሽ ወንድምሽ