ለአንዋር የማቀርበው እንጉዳይ

ልጄ ሪድዋን፣ አሰላሙ ዓለይኩም። አካም ጅርታ፣ እንዴት ነህ? አላህ የሰው አገር ኑሮውን ያቅልልህ፤ የሚያጎርስህን እጅ ሁሉ ንጹሕ ያድርግልህ።

እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ጨፋ ሜዳ ላይ ማሽላው አሽቷል፣ ላሟም ወልዳለች። እህትህ ዓፊያ ከሆስፒታል ወጥታለች፤ ሆዷ ግን ዛሬም ከአጥሚት ሌላ አይቀበልም። "ትንሽ አሞኝ ነበር" ያለችህ እንዳትጨነቅ ብላ ነው። የአጎትህ ልጅ አንዋር ነው እንዲህ ያደረጋት። እኔ ባቲ ገበያ በወጣሁበት ሰኞ ከቦርከና ወንዝ ዳር እንጉዳይ የሚመስለውን መርዘኛ የጅብ ጥላ ለቅሞ መጣ። በስልኩ ፎቶ አንስቶ ያን ኤአይ የምትሉትን ጠየቀና "እንጉዳይ ነው፣ ይበላል ብሏል" ብሎ አበላት። ራሱ ግን አልቀመሰም። የሰኞ ጾመኛ ነኝ አለ።

አሁን ለጁምዓ ሽማግሌ ይዞ "አውፍ በሉኝ" ሊለን ይመጣል። በእኛ ደግሞ የታረቀ ሰው ከተበዳዩ ቤት ካልበላ እርቁ እርቅ አይባልም። ስለዚህ የእንጉዳይ ወጥ ሠርቼ አቀርብለታለሁ። አንዷን ሳልከትፍ ከሰሃኑ ጠርዝ አስቀምጥለትና በሽማግሌዎቹ ፊት "ፎቶ አንሳትና ስልክህን ጠይቅ፣ ከዚያ ብላ" እለዋለሁ።

አንተ አትደንግጥ። የኩይሳ እንጉዳይ ነው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የበላሁት። እሱ ግን ይህን አያውቅም። ስልኩንና ሰሃኑን እያፈራረቀ እያየ መጉረስ ሲያቅተው ሳላይ አውፍ አልለውም።

አላህ በሄድክበት ይከተልህ፣ በሰላም ያገናኘን። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። አንዋር ፈርቶ ቢደውልልህ፣ አደራ፣ እንዳትነግረው። ስልክህን ጠይቅ በለው።

እናትህ ሰዓዲያ፣ ከከሚሴ