«አንተ» ማለት ስለተከለከለበት የስፓኒሽ ኮርስ

ለተከበሩ የቋንቋ ኮርሶች መምሪያ ኃላፊ
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ እያልኩ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የተመቸ፣ ማኅተምዎም ቀለሙ ያልደረቀ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ።

መቼም አንድ ጥያቄ አለ፤ እርስዎም ሆኑ ይህን ደብዳቤ የሚያነብ ሁሉ አንድ ቀን ሳትጠይቁት አልቀራችሁም፦ አሁን ይህን ሰውዬ «አንተ» ልበለው ወይስ «እርስዎ»? በዕድሜ ጥቂት የሚበልጠን የጎረቤት ልጅ ድንገት አለቃችን ሆኖ ሲመጣ፣ ወይም አዲሷ አማት በር ከፍተው ሲቀበሉን፣ አፋችን ግማሽ መንገድ ላይ ቆሞ «ሰላም ነው? ደኅና ነው?» እያልን ባለቤት በሌለው ሰላምታ ያመለጥን ስንቶቻችን ነን! እርስዎ ግን ይህን የዘመናት ጭንቀት በአንድ ገጽ ሰርኩላር ስለገላገሉን፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ማቅረብ ግዴታዬ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ላስረዳ። እኔ በመምሪያዎ ሥር ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በሚሰጠው የስድስት ሳምንት የተፋጠነ የክረምት ኮርስ ጀማሪዎችን ስፓኒሽ የማስተምር፣ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ገና ዓመት ያልሞላኝ መምህርት ነኝ። ሃያ ሰባት ልጆች ጓደኞቻቸው ኳስ ሲጫወቱና አርፍደው ሲነሡ እነርሱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከቢሮዎ በኮምፔንሳቶ ብቻ በተለየ ክፍል ውስጥ፣ በቀን አምስት ሰዓት ግስ ሲያረቡ ከረሙ። በኮርሱ ማብቂያ ቋንቋው አፍ መፍቻዋ የሆነ ፈታኝ መጥታ በማዳመጥና በቃል ትፈትናቸዋለች፤ ካለፉት ውስጥ ስምንቱ የሁለት ዓመት የአስተርጓሚነት ትምህርት ነጻ ዕድል ያገኛሉ። ልጆቹ የመጡት ለዚህ ነው። እኔም በሥራዬ የመጀመሪያ ሳምንት በየጠዋቱ ደረጃውን በሩጫ የምወጣው ለዚሁ ነበር።

ስፓኒሽ እንደኛው ቋንቋ ሰውን በሁለት ወግ ይጠራል። ለወዳጅ፣ ለእኩያና ለቤተሰብ «ቱ» ይላል፤ ለማያውቁትና ለሚያከብሩት ደግሞ «ኡስቴድ»። «ኮሞ ኤስታስ?» ሲሉ «እንደምን ነህ?» ማለት ነው፤ «ኮሞ ኤስታ?» ሲሉ ደግሞ «እንደምን ነዎት?»። ልዩነቱ መጨረሻው ላይ የተንጠለጠለች አንዲት «ስ» ናት። መምሪያዎን ከመሠረቱ ያናወጠችው እንግዲህ ይህችው «ስ» ናት።

ስለዚህ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ፍጥነትዎ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ተማሪ ቤቱ ሲገባ አባቱን «ኮሞ ኤስታስ፣ ፓፓ?» ይላቸዋል። አባት ትርጉሙን ይጠይቃሉ፤ ልጅ ውሸት አልለመደምና እቅጩን ይናገራል። በማግሥቱ ጠዋት እኚህ አባት፣ የመምሪያው ቦርድ አባልም ናቸው፣ የክፍሌን በር ሳያንኳኩ ከፍተው በሃያ ሰባት ተማሪዎች ፊት «አንቺ ነሽ ልጄን አባትህን አንተ በል ብለሽ ያስተማርሽው?» አሉኝ። የመጡት አክብሮት ስለጎደላቸው ነበርና እኔም «አዎ፣ እኔ ነኝ፣ ይቀመጡ» አልኳቸው። አልተቀመጡም፤ ወደ እርስዎ ቢሮ አለፉ። ከሰዓት በኋላ «‘ቱ’ የተሰኘው ነውረኛ አጠራር ከነግሶቹ ከዛሬ ጀምሮ በኮርሱ ውስጥ የታገደ መሆኑን እናሳውቃለን» የሚል ሰርኩላር እጄ ገባ። የተሰበረ መስኮት ለማስጠገን አራት ወር የሚፈጅበት መምሪያ፣ የአንድ ቋንቋ ሁለተኛ መደብ ለመሰረዝ አራት ሰዓት እንደሚበቃው ያሳየን እርስዎ ነዎት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉ ነበር የጥንት ሰዎች፤ እርስዎ ግን ዳውላውንም አልነኩ፣ የመቱት ግሱን ነው።

በዕለቱ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ለማስረዳት መሞከሬን ያስታውሱ ይሆናል። ስፓኒሽ ተናጋሪ እናቱንም ጓደኛውንም «ቱ» እንደሚል፣ ይህም ንቀት ሳይሆን ቅርበት እንደሆነ ተናገርኩ። እኛም ብንሆን ስንጸልይ ፈጣሪን «አንተ» እንደምንል ባስታውስዎት፣ «እሱ ሌላ ነው» አሉኝ። በእርግጥም ሌላ ነው። ሰማይና ምድርን የፈጠረውን «አንተ» ብለን የመምሪያ ኃላፊን «እርስዎ» የምንል ሕዝቦች መሆናችንን ከዚያ በፊት ልብ ብዬው አላውቅም ነበር።

2ኛ. ስለ መጻሕፍቱ ጥንቃቄዎ። የታገደችው ቃል በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ እንዳትገኝ ብለው የመዝገብ ቤት ሠራተኛውን በነጭ ማጥፊያ ቀለም አስታጥቀው አሰማሩ። ሰውየው ሁለት ቀን ሙሉ ጎንበስ ብለው ሃያ ሰባቱንም መጻሕፍት ሲያጠፉ ዋሉ። ስፓኒሽ አያውቁም፤ ጥፋቱም የእርሳቸው አይደለም። «እኔ ምን አውቃለሁ የኔ ልጅ፣ ቲ እና ዩ ጎን ለጎን ካየህ አጥፋ ተብያለሁ» አሉኝ፣ ወገባቸውን በእጃቸው ደግፈው። በዚህ ሥርዓት «ኤስቱዲያንቴ»፣ ተማሪ ማለት ነው፣ መሐሏ በኖራ ተለስኖ «ኤስዲያንቴ» ሆና ቀረች። መጪው ጊዜ የሚባለው «ፉቱሮ»ም «ፉሮ» ሆነ፤ የልጆቹ መጪ ጊዜ ከመሐል መጉደሉን ከዚህ በተሻለ ማን ሊገልጸው ይችል ነበር? እኔ ትክክለኛውን በሰሌዳ ላይ ብጽፍም፣ መጽሐፉ በየገጹ ማኅተምዎ ስላለበት ልጆቹ ከእኔ ይልቅ እርሱን አመኑ። አንዱማ እጁን አውጥቶ በሹክሹክታ «ቲቸር፣ ተማሪ የሚለውም ስድብ ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ።

3ኛ. ስለ ሥነ ሥርዓት። ከሰርኩላሩ በፊት የምንጫወተው ጨዋታ ነበረን፤ ኳስ የወረወረ ይጠይቃል፣ የቀለበ ይመልሳል። ክፍሉ እንደ ገበያ ይንጫጫ ነበር፤ በኮምፔንሳቶው በኩል ሳይሰሙት አልቀሩም። ከሰርኩላሩ በኋላ የአሥራ አምስትና የአሥራ ስድስት ዓመት ልጆች እርስ በርሳቸው «እርስዎ» መባባል ጀመሩ። አንዲት የልብስ ሰፊ ልጅ፣ የክፍሉ አንደኛ፣ አጠገቧ የምትቀመጠውን የልጅነት ጓደኛዋን እንድታናግር ሳዛት «ቲቸር፣ አሁን ክብሪትን እርስዎ ካልኳትማ ነገ ቤታችን ስትመጣ ከወንበሬ ተነሥቼ ልቀበላት ነው?» አለችኝ። ክብሪት የሚሏት ቀጭንና ቶሎ የምትቆጣ በመሆኗ ነው፤ ያን ቀን ግን አልተቆጣችም፣ እግሯን አነባብራ «ተነሽ፣ ውኃም አምጪልኝ» አለቻት። ሳቁ እየቆየ ቀዘቀዘ። ልጆቹ ያቺን የግስ ጭራ እየፈሩ ሄዱና ከፍርሃታቸው ብዛት «ግራሲያስ» የሚለውን ምስጋና እንኳ «ግራሲያ» እያሉ ይቆርጡት ጀመር። «ስ» የምትባል ፊደል የሰደበቻቸው ይመስል ነበር።

4ኛ. ስለ ፈተናው። እዚህ ላይ ምስጋናዬ ከቃላት በላይ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ሁለት ወጣቶች ሲጨዋወቱ የተቀዳ ድምፅ አዳምጦ መመለስ ነበር፦ የት ትኖራለህ፣ ምን ትወዳለህ፣ ቅዳሜ ትመጣለህ? ወጣቶቹ ጓደኛሞች ናቸውና ሲያወሩ ያለ «ቱ» አንድ ግስ አልወጣቸውም። ከተማሪዎቼ ጆሮ ለአራት ሳምንት የተከለከለውን ሁሉ በሦስት ደቂቃ ውስጥ አወረዱባቸው። እርሳስ የያዘ ሁሉ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። እኔ ደግሞ ወለሉን አየሁ።

ሁለተኛው ክፍል ሁለት ሁለት እየሆኑ መነጋገር ነበር። የልብስ ሰፊዋ ልጅና ክብሪት ፊት ለፊት ተቀመጡ። ልጅቷ አንድም ሳትሳሳት «ኮሞ ኤስታ? ዶንዴ ቪቬ?» አለች። «እንደምን ነዎት? የት ይኖራሉ?» ማለቷ ነበር፤ ነገር ግን በስፓኒሽ «እርስዎ» እና «እሱ» አንድ ግስ ይጋራሉና ሰሚው «እንዴት ነው? የት ይኖራል?» ብሎም ሊረዳው ይችላል። ፈታኟ ሌላ ሰው የገባ መስሏት ወደ በሩ ዞረች። «ስለ ማን ነው የምታወሩት?» አለች። ልጅቷ በጣቷ ክብሪትን አሳየች። «ጓደኛሽ አይደለችም?» «ናት።» «ታዲያ ተጣልታችኋል?» ልጅቷ ዞራ እኔን ስታየኝ፣ እኔ ደግሞ መናገር በማይፈቀድልኝ የታዛቢ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። ሃያ ሰባቱም ወደቁ። ሃያ ሰባት ከሃያ ሰባት፤ እንዲህ ያለ የተሟላ ውጤት በመምሪያው ታሪክ ተመዝግቦ እንደማያውቅ ሰምቻለሁና እንኳን ደስ አለዎት።

የልብስ ሰፊዋ ልጅ አላለቀሰችም። እናቷ እርሷ ኮርሱን እንድትማር ብለው፣ ልጃቸው ትሠራላቸው የነበረውን ቁልፍ መትከልና ጠርዝ መዘምዘም ክረምቱን ሙሉ ብቻቸውን ሲሠሩ እንደከረሙ የማውቀው እኔ ግን ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። አጠገቤ መጥታ ቆመችና «ቲቸር፣ እኛ ስድስት ሳምንት ሙሉ የተማርነው የማንን ቋንቋ ነው?» አለችኝ። ይህን ጥያቄ እኔ መመለስ ስላልቻልኩ ወደሚመለከተው ክፍል አስተላልፌዋለሁ፤ የሚመለከተው ክፍል እርስዎ ነዎት።

5ኛው ምስጋና ገና ስላልተፈጸመ ባዶ ትቼዋለሁ፤ የሚሞላው በእርስዎ ብዕር ነው። ፈታኟ የሆነውን ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላም ነጩን ቀለም ስታይ ሳቋን አቆመች። እስከ ሐሙስ እዚሁ እንደምትቆይና፣ የመምሪያው ኃላፊ በአንዲት ወረቀት ላይ ከፈረሙ ልጆቹን ሐሙስ ጠዋት በነጻ ድጋሚ እንደምትፈትናቸው ነገረችኝ። የስምንቱ ዕድለኞች ዝርዝር የሚዘጋው ዓርብ ነው። ወረቀቷ ጠረጴዛዎ ላይ ከተቀመጠች ዛሬ አራተኛ ቀኗ ነው፤ ጸሐፊዎ ሻይዎን ሲያቀርቡ በላይዋ እንዳላስቀመጡት ተስፋ አደርጋለሁ። ትናንት ኮሪደር ላይ አግኝቼ ስጠይቅዎት «ሥነ ምግባር ከውጤት ይቀድማል» ብለው አልፈውኛል። የተናገሩት እውነት ነው። አባቱ ትርጉሙን ሲጠይቁት እቅጩን የሚናገር ልጅ ሥነ ምግባር አለው። የታዘዘውን ቋንቋ ሳይሳሳት ተናግሮ ስለወደቀና ማንንም ስላልሰደበ ልጅም እንዲሁ ማለት ይቻላል። አሁን የቀረው የአንድ ፊርማ ሥነ ምግባር ነው።

ስለ ልጆቹ ዝግጅት አይጨነቁ። ኮርሱ በይፋ ስላበቃና ሰርኩላሩ የሚገዛው ኮርሱን ብቻ ስለሆነ፣ አራቱን ቀናት ከክፍላችን በር ውጭ ኮሪደሩ ላይ ቆመን «ቱ»ን ስንማር ሰንብተናል። የታሰበውን ያህል አስቸጋሪ አይደለም፤ ልጆች ጓደኛን እንደ ጓደኛ መጥራት ፈጥነው ይይዛሉ። ትናንት ክብሪት የልብስ ሰፊዋን ልጅ በስፓኒሽ ስትሰድባት ሰማሁ፤ የግሱ ጭራ ልክ ነበር፣ ደስታዬን መግለጽ አልችልም።

እንግዲህ የተከበሩ ሆይ፣ መልስዎን እስከ ረቡዕ ማታ በጽሑፍ፣ በቃል ወይም በፊርማ እጠብቃለሁ። ይህን የምታነቡ ወላጆች፣ መምህራንና አንድ ቀን «አንተ ወይስ እርስዎ» ብላችሁ የተቸገራችሁ ሁሉ፣ ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሦስተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ እንድትገኙ ትጋበዛላችሁ። ጩኸት አያስፈልግም፤ ብዕር ይዞ መምጣት ይበቃል፣ ምናልባት የኃላፊው ብዕር ቀለም ጨርሶ ሊሆን ይችላልና።

ለመምሪያው ሞገስ፣ ለቢሮው ግርማ፣ ለወንበሩም እግሮች ያለኝን የማያወላውል አክብሮት እየገለጽኩ፣ ከእግርዎ ሥር ዝቅ ብዬ፣ ግን ቀና ብዬ እያየሁ እሰናበትዎታለሁ።

የስፓኒሽ ጀማሪ ክፍል መምህርት

ማስታወሻ፦ ይህ ደብዳቤ ሲወጣ የስንብት ደብዳቤዬ መጻፉ እንደማይቀር አልጠፋኝም። በሥራ ላይ በቆየሁባቸው ሳምንታት ሁሉ የጠሩኝ «አንቺ ልጅ» እያሉ ነው፤ የስንብት ደብዳቤ ግን በደንቡ መሠረት «ከሥራ መሰናበትዎን እናሳውቃለን» ብሎ ነው የሚጀምረው። በሃያ ሦስት ዓመቴ መንግሥት «እርስዎ» ሲለኝ እናቴ ብታይ ደስ ይላታልና በሁለት ቅጂ ቢሆንልኝ። ብቻ ከሐሙስ በፊት እንዳይደርሰኝ አደራ፤ ሐሙስ ሃያ ሰባት ልጆች ፈተና አለባቸው።