ስለ አራት እግሩ በራንዳ ለከተማችን ሹም የቀረበ አቤቱታ

ደብረ ማርቆስ፣ ሚያዝያ ፳፪ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ለክቡር የከተማችን ሹም፣ ባሕር ተሻግረው ሳንጠራዎ ለመጡልን፣ ሳንለምንዎ ለተቀመጡልን፤

እኔ የቅኔ መምህሩ ወልደ ሩፋኤል ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ጤናዎ እንደ ምን ሰንብቷል እላለሁ። በአዲሱ በራንዳዎ ውስጥ ከቀትር በኋላ ራስዎን እንደሚያምዎ ሰምቼ ማዘኔን ስገልጽ፣ ሐዘኔ ምን ያህል እንደ ሆነ ጎረቤቶቼ ሁሉ ይመሰክሩልኛል። ይህን ደብዳቤ በገበያው መግቢያ የለጠፍሁት ክብርዎን ለመድፈር ሳይሆን፣ ሁለት ጊዜ አሽጌ ብልክ አስተርጓሚዎ ሁለቱንም ጊዜ ሳይከፍት ስለ መለሰልኝ ነው። የምለምነውም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጄ የብርጓል ያገባችው አናጺው አለበል የፊታችን ማክሰኞ በካሚዮን ተጭኖ ወደማናውቀው አገር እንዳይሄድብን።

አንደኛ፣ ስለ በሬው። በዐቢይ ጾም መጀመሪያ ሳምንት ለአለበል የደረሰው ትእዛዝዎ «ከሹሙ ቤት ደጃፍ አራት እግር ያለው ጠንካራ በራንዳ በሦስት ቀን ውስጥ ይቁም» ይላል። አለበል ፊደል ስላልቆጠረ ወረቀቱን ወደ እኔ አመጣው። እኔም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቃል ስሰነጥቅ የኖርሁ ሰው ነኝና፣ በራንዳ የሚባል ነገር ከብሉይም ከሐዲስም ስላላገኘሁ፣ ጸሐፊዎ ፊደል እንደ ሳተ ቆጥሬ በትሕትና አረምሁለትና «በሬ አንድ» ብዬ አነበብሁ። አራት እግር አለው፤ ጠንካራ ነው፤ ደጃፍ ላይም ይቆማል። እንዲህ ያለ ንባብ ከተማሪዎቼ አንዱ ቢያመጣልኝ ኖሮ አቅፌ እስመው ነበር። አለበልም ከጥማዱ የቀኙን በሬ ፈትቶ ወስዶ ደጃፍዎ ላይ አቆመ። ወታደሮችዎ ስለ ስሕተታችን አንድ ቃል እንኳ ሳይናገሩ በሬውን አርደው ስለ በሉልን ከልብ አመሰግናለሁ፤ እኛ ጾመኞች ስለ ነበርን ከሥጋው ባለመቅመሳችን እንዳይቀየሙን። በአራተኛው ቀን ግን በራንዳው የት አለ ተባለ፤ አለበልም በሹም ላይ ቀልደሃል ተብሎ ታሰረ።

ሁለተኛ፣ ስለ በራንዳው። ባለቤቱ ሳይሸጥልዎ የሚኖሩበት ቤት ከፊት ለፊቱ ሣር የለበሰ ጥላ ነበረው፤ ቋሚዎቹን ምስጥ ስለ በላቸው ማደስ ይገባ ነበር፤ ይህን እኛም አንክድም። ትእዛዝዎ «ጥላውን አድሱ» ብሎ ቢሆን ኖሮ በሬውም ዛሬ በሕይወት ይኖር ነበር። አለበል በዘበኛ እየተነዳ ከእስር ቤት ወደ ሥራ ሲመላለስ፣ አራት የወይራ ቋሚና አዲስ ሣር እንደሚበቃ በአስተርጓሚዎ በኩል አመለከተ። እርስዎ ግን ጣራው ቆርቆሮ፣ ዙሪያው መስተዋት እንዲሆን ወደዱ። ደጁ ወደ ምዕራብ ስለሚያይ ከቀትር በኋላ እንደ ምጣድ ይግላል ቢልዎ፣ ፀሐይ እንድትገባልዎ እንደሚፈልጉ መለሱለት። ፀሐይዎ እንድትገባማ እኛም ዘወትር በጸሎታችን ሳናሳስብ የቀረንበት ቀን የለም። ይኸው እንደ ተመኙት ሆነ፤ ራስዎን አመመዎ፤ አለበልም ሹሙን በቁሙ ሊቀቅል ያሰበ ሽፍታ ተብሎ ግዞት ተፈረደበት። ሽፍታ ሁሉ በጫካ ሲፈለግ፣ ከደጃፍዎ ላይ ሚስማር በእጁ እንደ ያዘ አንዱን ያገኙ ሹም እርስዎ ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ሦስተኛ፣ ከዚህ በኋላ ማሽሟጠጥ አልችልበትም። የብርጓል በየቀኑ ስንቅ ይዛ ትሄዳለች፤ ዘበኞቹ ይቀበሏታል፤ እርሱ ይብላው ሌላ ይብላው ግን የሚነግራት የለም። ዝናቡ ደርሷል፤ በአንድ በሬ አይታረስም፤ የሚያርሰውም ሰው የለም። ልጄ አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰችኝም። ውኃ ታቀርብልኛለች፤ እግሬን ታጥበኛለች፤ ዐይኔን ግን አታየኝም። ቃሉን የሰነጠቅሁት እኔ ነኝ፤ እርሱ የሰማውን ብቻ ነው የፈጸመው። ወንጀል ከሆነ ወንጀሉ የንባብ ነውና አንባቢውን ይሰሩት። ማክሰኞ ማለዳ ካሚዮኑ ከሚነሣበት ቦታ ቀድሜ እገኛለሁ፤ ቁጥር እንዳይጎድልብዎ እኔን አስጭነው እርሱን ያውርዱልኝ። ሽማግሌ ነኝ፤ ብዙ ቦታ አልይዝም።

ይህን ሁሉ ታግሠው እንዲያስነብቡት እየለመንሁ፣ ለአንድ በራንዳ ሲሉ አንድ በሬና አንድ ቤተ ሰብ ያጠፉበትን ትጋትዎን እያደነቅሁ፣ ጫማዎ ካረፈበት መሬት ጋር ግንባሬን አስተካክዬ እሰናበታለሁ።

የፊደል ስሕተት አራሚዎ
ወልደ ሩፋኤል

ሳልረሳው፦ አለበል ሥራውን ሳይጨርስ ስለ ተዘጋበት፣ ያን ሁሉ ቆርቆሮ ከተሸከሙት ከአራቱ ቋሚዎች ሁለቱ ገና በሽብልቅ ብቻ እንደ ቆሙ ትናንት ለአንድ አፍታ በአጥር በኩል ብቅ ብሎ ለሚስቱ ነግሯታል። የትኞቹ ሁለቱ እንደ ሆኑ ሊነግራት ሲል ዘበኛዎ ገፍቶ አስገባው። የክረምቱ ነፋስ እየመጣ ነው፤ እርስዎም ቁርስዎን እዚያው እንደሚበሉ ይነገራል። ከዚህ ከተማ ሁለቱን ቋሚዎች ለይቶ የሚያውቀው አለበል ብቻ ነው፤ እርሱም ማክሰኞ ይሄዳል።