ኮከቧ መቼ ደመቀች?

ጥቅምት 24 ቀን 2002፣ ማክሰኞ
ከሚሴ። ሦስት ክፍል አስተማርኩ። ከመግሪብ ሶላት በኋላ ጓሮ ወጣሁ። ኮከቧ ዴልታ ሴፌይ እየደበዘዘች ነው። አካሏ እያበጠና እየተኮማተረ፣ በየአምስት ቀን ከሲሶ አንዴ ትደምቃለች። ከሁለት ጎረቤቶቿ፣ ከደማቋና ከደብዛዛዋ ጋር እያስተያየሁ እጽፋለሁ። ታላቅ እህቴ ዘሃራም ባቲ ሆና ትጽፋለች። መስከረም ላይ ነው ያሳየኋት... አሁን ከእኔ ብሳለች።

ጥቅምት 27፣ ዓርብ
ደምቃለች! ከደማቋ ጎረቤቷ ልትስተካከል ምንም አልቀራት።

ጥቅምት 29፣ እሑድ
ዘሃራ ደወለች።
«አካም ጅርታ፣ ወንድም ዓለም? ጻፍ፤ ጁምዓ፣ ደብዛዛ።»
«ኧረ ጁምዓ ደማቅ ነበረች!»
«እኔ ያለ መነጽር ነው መርፌ ውስጥ ክር የማስገባው። አንተ ዓይንህን ታይ።»
ሳቅሁ። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ግን... ደብተሬን ገለጥኩ። ካነጻጸርናቸው ዘጠኝ ምሽቶች ስድስቱ አይገጥሙም። ሐኪሙ ክረምት ላይ ምን ነበር ያለኝ? «ስኳሩ ዓይንህን እንዳይነካው ተጠንቀቅ፤ ከአረፋ በኋላ ተመልሰህ ታይ።»

ኅዳር 5፣ ቅዳሜ
ዛሬም አልገጠምንም። በዓይኔ ካልተማመንኩ የልጆቹን ፈተና እንዴት አርማለሁ? ከማስተማር ወጥቼ ንብረት ክፍል እንድዛወር ማመልከቻ ጻፍኩ። ባለቤቴ አስያ አነበበችው። «ሃያ ሁለት ዓመት አስተምረህ ወንበር ልትቆጥር?» አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ከአረፋ በፊት አስገባዋለሁ።

ኅዳር 12፣ ቅዳሜ
ባቲ። ከሰኞው ገበያ የአረፋ በግ ልገዛ መጣሁ። ዘሃራ መግሪብ ሰገደች፤ ተነሳች፤ ከግድግዳው ቀን መቁጠሪያ ላይ የቅዳሜን ቅጠል ገነጠለች።
«እታለም፣ ቅዳሜ እኮ አላለቀም!»
«ጀምበር ጠልቃ? መምህር ተብዬ! ሌሊቱ የነገው አይደል እንዴ?»
እውነትም... እናታችንም እንዲሁ ነበር የምትቆጥረው። አዲሱ ቀን ጀምበር ስትጠልቅ፣ በመግሪብ ይገባል። «እና የኮከቧን ደብተርስ በየትኛው ቀን ትጽፊያለሽ?» አልኳት።
«ቅጠሉን ገንጥዬ፣ ከሥሩ ያለውን አይቼ ነዋ የምጽፈው።»
እሷ ጁምዓ ብላ የጻፈችው ሐሙስ ማታ ያየችውን ነው! የእሷን ሁሉ አንድ ቀን ወደ ኋላ ሳብኩት። አንድ በአንድ ገጠሙ... ሁሉም። ማመልከቻውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ቀደድኩት። የሐኪሙን ቀጠሮ ግን አልተውም።
«ምንድነው የቀደድከው?»
«ንብረት ክፍልን።»
«አበደ!» አለች።

ኅዳር 13፣ እሑድ
ዛሬ የምትደምቅበት ቀን። ሳንነጋገር ጻፍን፤ እሷም ደማቅ፣ እኔም ደማቅ። ከዚያ ከቤት ይዤው የመጣሁትን ባይናኩላር፣ የሩቅ ማያ መነጽሬን፣ ሰጠኋት። አጥሩ ላይ አስደግፋ አየች።
«ብቻዋን አይደለችም እኮ! አጠገቧ ትንሽዬ ሰማያዊ አለች።»
ተቀበልኳት... ነጠቅኳት ማለት ይሻላል። እኔም አጥሩ ላይ አስደገፍኩ።
አለች። ስስ፣ ሰማያዊ። በመጽሐፍ አነበብኳት እንጂ አይቻት አላውቅም ነበር።
ነገ በጠዋት በጉን ገዝቼ እመለሳለሁ። ከሰዓት ዘጠነኛ ሐን አስተምራለሁ።